ሚኒ ኩፐር ኤስ፦ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በምን ልንቀለው? አዲሱንስ በምን ላስገባው?

ጥቁር ሚኒ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ2006 ሚኒ ኩፐር ኤስ አለችኝ፤ አር53 የሚባለው ሞዴል፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ኢተን ኤም45 ሱፐርቻርጀር (በቺንጊያ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ያለው። 118,000 ማይል ሄዳለች። አሁን ሱፐርቻርጀሩ እንዲፈጥን ቺንጊያው የሚያዞረውን ፑሊ አውጥቼ በ15 በመቶ የሚያንስ ፑሊ ልገጥምላት ነው። ፑሊውንም ትንሽ አጠር ያለውን ቺንጊያም ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ግን መመሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ተለጣፊ ማስታወቂያ ብቻ ነው የወጣው።

የቸገረኝ ይህ ነው። ፑሊው በቡሎን የታሰረ አይደለም፤ ዘንጉ ላይ በጉልበት ተጭኖ የገባ ነው። ያየኋቸው ቪዲዮዎች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንዱ ባለ ሦስት እግር ፑለር (መንቀያ) ይበቃል ይላል፤ ሌላው ልዩ መሣሪያ ሳትይዝ እንዳትነካው ይላል፤ ሦስተኛው በእሳት ይለበልበዋል። የቱን ልመን?

በምኖርበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው። አጎቴ ለቅዳሜና ለእሑድ ጋራዡን ሊለቅልኝ ተስማምቷል። ሰኞ ጠዋት ግን መኪናዋ በራሷ ጉልበት መውጣት አለባት፤ ቦታው የአጎቴ ሚስት ነው።

ፈጣን እጅ

ይህን ያህል አታክብደው። ባለ ሦስት እግር ፑለር ከመለዋወጫ ሱቅ ተውሰህ ጠርዙን ያዝና አጥብቅ፤ ይወጣል። አዲሱን እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ እያልክ ታስገባዋለህ። እኔ የመሪ ፖምፓ ፑሊ እንደዚያ አድርጌ ገጥሜ እስካሁን ይሠራል።

ጋሽ ሞርሳ

ፈጣን እጅ፣ የመሪ ፖምፓው ስለታገሠህ ደስ ይበልህ፤ ሱፐርቻርጀር ግን እንደዚያ አይታገሥም። ጥቁር ሚኒ፣ አንተ መዶሻውን ከወዲሁ ከጋራዡ አስወጣልኝ።

ኤም45 በሆዱ ውስጥ ሁለት የተጠማዘዙ ሮተሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ክንፍ አላቸው። እርስ በርስም ሆነ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር አይነካኩም። ጥርሶች ልካቸውን እየጠበቁላቸው በጣም ቀጭን ክፍተት ይዘው ይሽከረከራሉ። ፑሊው የተቀመጠበት ዘንግ ደግሞ ወደ ፊት በወጣው አፍንጫ ውስጥ በኩሽኔታ ተይዟል። ፑሊውን በመዶሻ ስትመታው ኃይሉ የሚያልፈው በኩሽኔታው ኳሶች በኩል ነው፤ ኳሶቹ በሚሮጡበት መንገድ ላይ ጥቃቅን ጠባሳ ይተዋሉ። በዚያን ቀን ምንም አትሰማም። አፍንጫው ማጉረምረም የሚጀምረው ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ፑሊውን የሸጠለትን ሰው ይረግማል።

ባለ ሦስት እግሩ ፑለር የሚይዘው የፑሊውን ከንፈር ነው። ከንፈሩ ቀጭን ነው፤ ወይ ይታጠፋል ወይ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ስብራቱ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም፤ መነጽር ሳታደርግ እንዳትሞክረው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ ሁለት ግማሽ ቀለበት ነው። ግማሾቹ ከፑሊው ጀርባ ገብተው ያቅፉታል፤ እንዳይከፈቱ ሌላ ቀለበት በላያቸው ይገባል፤ ከዚያ የመሀሉ ቡሎን ዘንጉን እየገፋ ፑሊውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ግፊቱ በፑሊውና በዘንጉ መካከል ብቻ ስለሚያልቅ ኩሽኔታው ወሬውንም አይሰማም። ተከራየው። የቡሎኑን ጥርስ ግሪስ ቀባው፤ በአየር ሽጉጥ ሳይሆን በእጅህ አጥብቀው። መጀመሪያ ሲለቅ በኃይል ይጮሃል፤ አትደንግጥ፣ የጮኸው የተሰበረ ነገር አይደለም።

ሳትነቅለው በፊት ከፑሊው ፊት እስከ አፍንጫው ድረስ ያለውን ርቀት በካሊፐር ለካና ግድግዳው ላይ ጻፈው። ወረቀት ላይ እንዳትጽፍ፤ ወረቀት በጋራዥ ውስጥ ይጠፋል። የዚህ ቺንጊያ መስመሮች አንዱ ከሌላው በ3.56 ሚሊሜትር ነው የሚራራቁት። አዲሱ ፑሊ ጥልቀቱን ስቶ ከተቀመጠ ቺንጊያው ጠርዙን እየበላ ይሄዳል።

አሁን ወዳልጠየቅኸው ነገር ልምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እርሱ ነው። የሱፐርቻርጀርህ ዘይት ተቀይሮ ያውቃል?

በአር53 ላይ የውሃ ፖምፓው የራሱ ፑሊ የለውም። ከሱፐርቻርጀሩ ጀርባ ተለጥፎ ከዚያ በጥርስ በሚመጣለት ዙር ነው የሚሽከረከረው። የኋላዎቹ ጥርሶች የራሳቸው ትንሽ የዘይት ቋት አላቸው፤ የፊቶቹም ሌላ አላቸው። ይህ ዘይት ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። አምራቹ የመቀየሪያ ጊዜ ስላላስቀመጠለት አብዛኛው ባለመኪና መኖሩንም አያውቅም። ዓመታት በሙቀት ውስጥ ሲያልፉበት ይጠቁራል፣ ይጎድላል። የኋላው ቋት ሲደርቅ ጥርሱ ይበላል፣ የውሃ ፖምፓው ይቆማል፣ ሞተሩ ይግላል፤ ቀጥሎ የሚጣመመው ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ነው። ፑሊ ለመቀየር ብለህ ሞተር ትቀይራለህ ማለት ነው።

ትንሹ ፑሊ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ብዙ ሰው ዲያሜትሩ በ15 በመቶ ሲያንስ ፍጥነቱም በ15 በመቶ የሚጨምር ይመስለዋል። 1 ለ0.85 ሲካፈል 1.176 ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ 17.6 በመቶ ይፈጥናል። 17 በመቶ የሚያንሰው ፑሊ 20.5 በመቶ ያፈጥነዋል፤ 19 በመቶ የሚያንሰው 23.5 በመቶ። ደረቅ ጥርስ ላይ ይህን መጫን ምን እንደሚያመጣ አንተው ፍረድ።

ጥቁር ሚኒ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ውሃ ፖምፓው ፈጽሞ አላውቅም ነበር። የቀድሞው ባለቤት የሰጠኝን ደረሰኝ ሁሉ አገላበጥኩ፤ ስለ ሱፐርቻርጀር ዘይት የሚያወራ አንድም የለም። ሱፐርቻርጀሩን ሳላወርድ ማየት እችላለሁ? ደግሞስ ሁሉም በሁለት ቀን ያልቃል? አዲሱን ፑሊ በምን እንደማስገባውም አልነገሩኝም።

ጋሽ ሞርሳ

ሳታወርደው በደንብ አታየውም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ፑሊውን ብቻ ለመቀየር ብለህ ያን መኪና አትክፈት። ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ ሥራ፤ አጎትህን ደግሞ ሙሉ ሳምንት ለምነው። ለሚስቱ አንድ ጥሩ ነገር ይዘህ ግባ።

ለምን እንዲህ እንደምል ተመልከት። መኪናው ላይ እንዳለ ፑሊውን ለመቀየር የቀኙን የፊት ጎማና የውስጡን ፓራፋንጎ ታወጣለህ፤ የውሃ ማጠራቀሚያውን ወደ ጎን ታደርጋለህ፤ ሞተሩን ከሥር በክሪክና በእንጨት ደግፈህ የቀኙን የሞተር ማሰሪያ ትፈታለህ። ከዚያ ሞተሩን ከፍ ዝቅ እያደረግህ መሣሪያው የሚገባበትን ክፍተት ትፈልጋለህ። ክፍተቱ እጅህን እንጂ ዓይንህን አያስገባም። ብዙ ሰው ሠርቶታል፤ ይሠራል። ግን ያን ሁሉ ደክመህ ዘይቱን ሳታይ ትዘጋዋለህ። ሱፐርቻርጀሩን ለዘይት ስታወርደው ደግሞ ፓራውልቱን አውጥተህ፣ ራዲያተሩን ከነተሸካሚው ወደ ፊት ስበህ፣ ውሃውን አፍስሰህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ጠረጴዛ ላይ ፑሊ መንቀል የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ዘይቱን የዚሁ የሱፐርቻርጀር ዘይት አድርገው፤ የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት አይሆንለትም። ሽታው ከባድ ስለሆነ የጋራዡን በር ክፈት። ለሁለቱም ቋት በየልካቸው አድርግ፤ አብዝቶ መሙላትም ያፈስሰዋል። የኋላውን ስትከፍት ጥርሱን በጣትህ ዳስሰው፤ ጫፉ እንደ ምላጭ ከተሳለ ዘይት አያድነውም፣ ሌላ ሱፐርቻርጀር ፈልግ። የውሃ ፖምፓውንም በዚያው ቀይረው። ያን ሁሉ ፈትቶ አሮጌውን ፖምፓ መልሶ መግጠም ቁጠባ አይደለም።

አሁን ወደ መግጠሙ። እኔ የማምነው ሙቀትን ነው። በወጣትነቴ ሶማሌ ተራ አጠገብ ስሠራ ሱፐርቻርጀር የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ጠባብ ኩሽኔታ ግን በየቀኑ ይመጣ ነበር። ጌታዬ ኩሽኔታውን ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ የጋለ ዘይት ድስት ውስጥ ያቆየዋል፤ ሲያወጣው ያለ አንድ ምት ዘንጉ ላይ ይወርዳል። ጎረቤት ያለው መካኒክ በመዶሻ ሲታገል ጌታዬ ቡናውን ይጠጣ ነበር። የአንተም ፑሊ ሕጉ ያው ነው።

ሒሳቡ ይኸውልህ። ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ፑሊውም ብረት ቢሆን፣ ከክፍሉ ሙቀት በ180 ዲግሪ ስታሞቀው ቀዳዳው በ0.04 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። አሉሚኒየም ከሆነ የዚያን እጥፍ ያህል ይሰፋል። በጉልበት የሚገቡ ነገሮች የሚጣበቁት በመቶኛ ሚሊሜትሮች ስለሆነ ይህ ስፋት ሥራውን ይሠራል። የቤት ምድጃ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርገህ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየው። መጀመሪያ የፋብሪካውን ቅባት በደንብ እጠበው፤ አለዚያ ቤቱ ይሸታል፣ የአጎትህ ሚስትም ሁለተኛ ጋራዡን አትሰጥህም። እሳት በቀጥታ አትለብልበው፤ አንዱ ጎን ብቻ ይግላል፣ ፑሊውም ይጣመማል።

ፑሊው ምድጃ ውስጥ እያለ ዘንጉን በአሴቶን አጽዳው፤ አንድ ፍንጣሪ ቆሻሻ እንኳን መንገድ ላይ ያስቆመዋል። ጥልቀቱን የሚያሳይ ምልክት አድርግበት። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገህ አውጣው፤ ሳታመነታ ቀጥ አድርገህ በአንድ ግፊት እስከ ምልክቱ አድርሰው። ዘንጉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፑሊው ከነካው በኋላ ያለህ ጊዜ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። መሀል መንገድ ላይ ቢያዝብህ አትምታው፤ በመሣሪያው መልሰህ አውጣና እንደገና አሙቀው። ገብቶ ሲቀመጥ በታመቀ አየር አቀዝቅዘው፤ ሙቀቱ በዘንጉ በኩል ሄዶ የአፍንጫውን የዘይት መከላከያ ጎማ እንዳይጎዳ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ርቀቱን እንደገና ለካ፤ በእጅህም አዙረው። ለስላሳና እኩል መሆን አለበት።

አንዳንድ ፑሊዎች በሁለት ክፍል ይሠራሉ፤ መሀሉ ዘንጉ ላይ ይገባል፣ ውጭው በትንንሽ ቡሎኖች ይታሰራል። ወደፊት መጠን መቀየር ለሚያምረው ሰው ይመቻሉ። ያንተ አንድ ወጥ ከሆነ ምንም አላጎደለብህም።

የሻርጃው

ጋሽ ሞርሳ ጥሩ ብለዋል፤ እኔ ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ያለሁት ኤሚሬትስ ነው፤ መርሴዲስ ኤስኤልኬ 230 ኮምፕሬሰር ነበረችኝ። በእርሷ ላይ ሱፐርቻርጀሩ ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ክላች ስላለ ብዙ ሰው የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ ነው የሚያተልቀው፤ ውጤቱ ያው ነው። በክረምት በረረች። በሐምሌ ግን ውጭው 45 ዲግሪ ሲሆን ከመጀመሪያው ፑሊዋም ያነሰ የምትሄድ ሆነች። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ሲግል ሞተሩ ውስጥ ነዳጁ ያለ ጊዜው ይነድዳል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ የማቀጣጠያውን ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የጨመርከውን ጉልበት መልሶ ይወስድብሃል። እኔ በመጨረሻ የድሮውን ፑሊ መለስኩት።

እዚህ 98 ኦክቴን ቤንዚን እንቀዳለን። እናንተ አሜሪካ 93 የምትሉት በሌላ መለኪያ ተለክቶ ነው እንጂ ከእኛ 98 ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ በታች እንዳትቀዳ። ደግሞ የክራንክሻፍቱንም ፑሊ ላተልቀው እንዳትል።

ጋሽ ሞርሳ

የሻርጃው እውነቱን ነው። የሚኒዋ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሞተሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው፤ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ከሥሩ የሚወጣው ሙቀት ያገኘዋል። የሜሪላንድ ነሐሴም ቀላል አይደለም። 15 በመቶ ላይ ቁም የምለው ለዚህ ነው። 17 እና 19 በመቶ የሚገጥሙ አሉ፤ የሚያገኙት አየር ግን እየጋለ፣ ሱፐርቻርጀሩም ራሱን ለማዞር የሚበላው ጉልበት እየጨመረ ይሄዳል። ፋብሪካው ለ2006ቱ ኩፐር ኤስ 168 የፈረስ ጉልበት ነው የሰጠው፤ በ15 በመቶው ፑሊ 15 ወይም 20 ብታገኝበት በቂህ ነው። ካንዴላውን በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሚባለው ዓይነት ቀይረው።

ክራንክሻፍቱን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ጥቁር ሚኒ፣ ጎማው ወጥቶ እያለ የክራንክሻፍቱን ፑሊ በባትሪ መብራት እየው። መሀሉና ውጭው ቀለበት የተያያዙት በጎማ ነው፤ የክራንክሻፍቱን መንቀጥቀጥ የሚውጠው ያ ጎማ ነው። በዚህ ዕድሜ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ቀለበቱም ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል። ነጭ ቀለም ይዘህ ከመሀሉ እስከ ቀለበቱ አንድ መስመር አስምር፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ካገኘኸው ጎማው ለቅቋል። ስትነቅለው ውጭውን ቀለበት አትሳብ፤ መሀሉን የሚይዝ ፑለር ተጠቀም። ደግሞ ስለ ምድጃው የነገርኩህን ለዚህኛው እንዳታደርገው፤ ጎማ ያለበት ነገር ምድጃ አይገባም። እርሱ የሚገባው ረጅም ቡሎንና ዳዶ ይዘህ ቀስ በቀስ በመሳብ ነው። የዋናውን ቡሎን የማጥበቂያ ልክ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ አውጣ፤ በግምት አይጠብቅም።

ጥቁር ሚኒ

ወሬውን ላድርሳችሁ። አጎቴ ሳምንቱን ፈቀደልኝ፤ ለባለቤቱ ከጌጣጌጥ ሱቅ ትንሽ ነገር ይዤ ሄድኩ፤ ጋሼ እንዳሉት ሠርቷል። የኋላው ቋት ውስጥ ከማንኪያ ያነሰ ጥቁር ዘይት ነበር፤ ጥርሱ ግን ጤነኛ ነው። ፖምፓውን ቀየርኩ። ፑሊው በአንድ ግፊት ገባ፤ ርቀቱም ልክ እንደ ድሮው ነው። የክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ነጩን መስመር አስምሬያለሁ፤ እስካሁን አልተሰበረም።

አሁን አንድ ነገር ቀረ። ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ሲሄድ ቺንጊያው ይጮሃል። ዝቅ ሲል ዝም ይላል። ቺንጊያው አዲስ ነው። ጓደኛዬ ደረቅ ሳሙና አሽበት አለኝ፤ ላድርገው?

ጋሽ ሞርሳ

ሳሙናውን ለእጅህ መታጠቢያ አስቀምጠው። ሳሙና ድምፁን ለሁለት ቀን ይሸፍናል፤ ከዚያ የቺንጊያውን መስመሮች ያበላሻል።

ሞተሩ እየሠራ በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ቺንጊያው መስመር ላይ ርጭ፤ እጅህንና እጅጌህን አርቅ። ጩኸቱ ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ መስመር ስተዋል። ከበረታ ግን ቺንጊያው ላልቶ እየተንሸራተተ ነው። ከፍ ባለ ዙር ላይ ብቻ መጮሁ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ትንሽ ፑሊ ላይ ቺንጊያው የሚያርፍበት ስፋት ይቀንሳል፤ ድካም የገባው ወጣሪ (ቺንጊያውን ወጥሮ የሚይዘው) በድሮው ፑሊ የደበቀውን ድክመት በአዲሱ ያወጣዋል። በዚህ ሞዴል ላይ ደግሞ ወጣሪው በድካሙ የታወቀ ነው።

ሞተሩን አጥፋና ወጣሪውን በመሣሪያው እስከ መጨረሻው ስበህ ቀስ ብለህ ልቀቀው። በእኩል ጉልበት መመለስ አለበት፤ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚንቀራፈፍ ወይም ዘይት ያዘለ ከሆነ ቀይረው። ስትቀይረው ስበህ በያዝከው ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ጠንካራ ፒን አስገባ፤ ጣትህን አደራ። ቺንጊያውንም ቁጥሩ ከገዛኸው ፑሊ ጋር የሚሄድ መሆኑን በድጋሚ እየው፤ የድሮው ፑሊ ልክ ተሰጥቶህ ከሆነ ወጣሪው ቢታደስም ጩኸቱ አይቆምም።

እስከዚያ ከ4,000 ዙር በላይ አትውሰዳት። ዲናሞውንም፣ የአየር ማቀዝቀዣውንም፣ ሱፐርቻርጀሩንም የሚያዞረው ይህ አንድ ቺንጊያ ነው። ከወለቀብህ የውሃ ፖምፓውም አብሮ ይቆማል፤ መንገድ ላይ ከወለቀ ወዲያውኑ አጥፋትና መጎተቻ ጥራ።